ዶንጋሩጋ እጅ አይነሳም

ሆሶሚ ኪዮዬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጀግኖችን ስታስማማ ኖራለች። ከጀግኖቹ መካከል ግን በእውን ያለ አንድም የለም። አንዱ አርባ ሜትር የሚረዝም የብረት ሮቦት ነው፤ አንዷ በባርኔጣዋ ውስጥ ጨረቃ የምታሳድር የአሥራ ሁለት ዓመት አስማተኛ ናት፤ ሌላው ጠዋት ዓሣ ሸጦ ከሰዓት ሌባ የሚይዝ ድመት ነው። የእያንዳንዳቸው ባለቤት ግን በእውን አለ። ስልክ አለው፣ ጠበቃ አለው፣ ቶሎ የሚከፋ ልብም አለው። የሆሶሚ ሥራ ከዚያ ልብ ጋር ነው።

መሥሪያ ቤቷ ኦሳካ ውስጥ ከአንድ የጥርስ ክሊኒክ በላይ ያለ አነስተኛ የቪዲዮ ጨዋታ ድርጅት ነው። ማንጋ ከሚባለው የጃፓን የሥዕል ታሪክ፣ ከየፊልሙና ከየቴሌቪዥኑ የመጡ ጀግኖች በአንድ ሜዳ የሚጋጠሙበትን «ታላቁ ጉባኤ» የተባለ ተከታታይ ጨዋታ የሚሠራው እሱ ነው። ጀግናው እንዴት እንደሚራመድ፣ ሲወድቅ ምን እንደሚል፣ ፀጉሩ በየት በኩል እንደሚተኛ፣ ሁሉም ለባለቤቱ ቀርቦ ማኅተም ካልተመታበት ጨዋታው ውስጥ አይገባም። ይዛ የምትዞረው ሆሶሚ ናት፤ በአንድ እጇ ሥዕል፣ በሌላው የጣፋጭ ሣጥን።

ቀድሞ በትልቅ መደብር ውስጥ ስጦታ በወረቀት የምትጠቀልል ሠራተኛ ነበረች። አለቃዋ ካጂታኒ ሲቀጥራት ስለ ጨዋታ አንድም ነገር አልጠየቃትም። «ለተቆጣ ሰው ምን ይወሰዳል?» ብቻ ነበር ያላት።

«ለማኘክ ጊዜ የሚወስድ ነገር» አለችው። «አፉ እስኪፈታ ቁጣው ይበርዳል።»

በማግስቱ ሥራ ጀመረች።

አንድ ደብተር አላት። ገልጦ ያነበበው ሰው እንደ ቅዱስ ሕግ ሊፈራው ይችላል። ድመቱ ዓሣ ሲበላ አይታይ፤ ነጋዴ ሸቀጡን አይበላም። ጭምብል ለባሹ ከጀርባ አይሣል። ሁለቱ መርከበኞች በአንድ ጀልባ አይሳፈሩ፤ የፈጠሯቸው ባልና ሚስት ተፋተዋል። እንዲህ ዓይነት ገጽ ከገጽ እየተከተለ አራት ጨዋታዎች በሰላም ወጡ።

አምስተኛው ላይ ግን ዶንጋሩጋ መጣ።

ዶንጋሩጋ ያ አርባ ሜትሩ ሮቦት ነው። ሆሶሚ ልጅ ሳለች፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ አባቷ መቀስ በሚስሉበት ሱቅ ውስጥ የመሳያው ድንጋይ እንዳይጮኽ እየለመነች በቴሌቪዥን ታየው ነበር። በማንጋ የፈጠሩት ሠዓሊ፣ «ሰንሴ»፣ መምህር፣ እየተባሉ የሚጠሩት ኡካይ፣ አሁን ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። አራቱንም ጊዜ እምቢ ብለዋል። ባለፈው ዓመት ሆሶሚ አሥራ አንድ ጊዜ እሳቸው ወደሚኖሩባት አካሺ ከተማ ድረስ በባቡር ተመላልሳ ነው «እሺ፣ ይግባ» ያሰኘቻቸው። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ ባቡሩ ውስጥ ብቻዋን ፈገግ ብላ ተገኘች፤ ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ተማሪ ቦታ ቀየረ።

ችግሩ የተነሳው ከሰላምታ ነው። እንቅስቃሴ የምትሠራው ወጣቷ ኡራቤ፣ ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት ተጋጣሚዎቹ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሳሱ አለች። ሐሳቡ ሁሉንም አስደሰተ። የአስማተኛዋ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ባርኔጣዋ እንዳይወድቅ ከአሥራ አምስት ዲግሪ በላይ አትጎንበስ አለ። ለዶንጋሩጋ ሠላሳ ተደረገለት። ሥዕሉ አካሺ ደረሰ፤ በፋክስም መልስ መጣ፤ አንድ መስመር፦ «ዶንጋሩጋ እጅ አይነሳም።»

«ተከፍተዋል» አለች ሆሶሚ። «አርባ ሜትር ሙሉ ሰውዬ ለአንዲት ሕፃን ሠላሳ ሲጎነበስ፣ እሷ አሥራ አምስት! ማን አይከፋውም?»

ወደ አሥራ አምስት ወረደ። ያው መስመር መጣ። ወደ አሥር። ያው መስመር። ይህን የሰማው የአስማተኛዋ ኩባንያ ደግሞ እሷም ወደ ዘጠኝ ትውረድ አለ። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ፤ ሁለቱ ጀግኖች እየተፎካከሩ ቀጥ አሉ።

«አሁን አምስት ላይ ነን» አለ ካጂታኒ ራሱን ይዞ፣ በስሟ ላይ የአክብሮቱን «ሳን» ግን ሳይረሳ። «አምስት እኮ ሰላምታ አይደለም፣ ሆሶሚ ሳን። ሸሚዝ ላይ የተንጠባጠበ ሾርባ ማየት ነው። እስከ ዓርብ ማኅተሙ ካልመጣ ሮቦቱን ከጨዋታው አወጣዋለሁ። ያለ ዶንጋሩጋም ጨዋታ ይሸጣል።»

«አሥራ አንድ ጊዜ ነው የተመላለስኩት፣ አለቃ።»

«እንግዲያው አሥራ ሁለተኛውን ሂጂ።»

ረቡዕ ሄደች። ሣጥኑን በሁለት እጇ አቀረበች፤ በቀይ ባቄላ የተሞላ፣ ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ጣፋጭ ነበር። ሚስታቸው ፉሚኖ ተቀብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሰንሴ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጡ ቀና አላሉም።

«ስንት ይዘሽ መጣሽ ዛሬ?»

«ሁለት ዲግሪ፣ ሰንሴ።»

«ሁለት! ነገ ደግሞ ግማሽ ትይኛለሽ።»

«ከፈቀዱልኝ ላሳይዎት። እንዲያውም አይታይም።» መደርደሪያው ላይ የቆመውን የእንጨት ዶንጋሩጋ አነሳች፤ ሰንሴ በወጣትነታቸው ራሳቸው የጠረቡት ነው። ሁለት ዲግሪ ልታጎነብሰው ያዘችው። ክንዱ ይዞራል። አንገቱ ይዞራል። ከደረቱ እስከ ጭኑ ግን እንደ በርሜል ድፍን ነው። አገላበጠችው፣ ከሥር አየችው፣ መነጽሯን አድርጋ ደግማ አየችው።

«ሰንሴ… ወገቡ የት ነው?»

«ወገብ የለውም።»

«ጨርሶ?»

«ሳምንት በሳምንት አርባ ገጽ እሥል ነበር። ወገብ ብሥልለት ኖሮ እስከ ዛሬ አልተኛሁም ነበር።»

ሆሶሚ ሮቦቱን መልሳ መደርደሪያው ላይ አቆመችው። ሦስት ሳምንት፣ ሃያ ሁለት ሥዕል፣ ሁለት ኩባንያ፤ ለካ ሮቦቱ አይታጠፍም!

«ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ? ሁላችሁም ስንት ዲግሪ ትላላችሁ እንጂ።»

«እኛ እኮ የተከፉ መስሎን ነው።»

«ተከፍቻለሁ እንጂ! ሆዱን ቆርጣችሁ ማጠፊያ ስታስገቡበት አልከፋም? ጎረቤት መጥቶ የልጅሽን ጉልበት ወደ ኋላ ቢያዞር ዝም ትያለሽ?»

«አልልም፣ ሰንሴ» አለች፤ ልጅ ባይኖራትም። «ታዲያ እንዴት ሰላም ይበል? ዝም ብሎ ከቆመ ባለጌ ይመስላል።»

«እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው። ሰላምታ ያመጣችሁት እናንተ።»

አካሺ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ባሕሩን አየች። ሁለት ባቡር አለፋት። የሐሙስ ማታዎቹን አንድ በአንድ አስታወሰች፤ እሳቱን፣ ጩኸቱን፣ የሚፈርሱትን ፎቆች። በየሳምንቱ መጨረሻ ላይ ደረቱ ይፈነዳና ከውስጥ ሮቦቱን የሚነዳው ልጅ፣ ሶሄይ፣ እየጮኸ ይወጣል። ስልኳን አወጣች።

«ኡራቤ ሳን፣ ደረቱ ላይ በር አለ አይደል?»

«አለ። ግን ሲፈነዳ ብቻ ነው የሚከፈተው።»

«በሰላም ክፈችው።»

«እህ?»

«በሰላም። ልጁ ይውጣና እሱ እጅ ይንሳ። ወገብ ያለው እሱ ነው።»

«ሆሶሚ ሳን፣ እስከ ዓርብ?»

«እስከ ዓርብ ጠዋት።»

«እንግዲያው ያንን የሚያጣብቀውን ጣፋጭ ለእኔም ይዘሽልኝ ነይ። ልቆጣ ነው።»

ዓርብ ሆሶሚ የጨዋታውን መሣሪያ ተሸክማ የሰንሴ ቴሌቪዥን ላይ ገጠመችው፤ ገመዱን አንዴ አሳስታ፣ አንዴ አስተካክላ። ሰንሴ እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ዶንጋሩጋ እንደ ተራራ ተገትሮ ታየ፤ ፊት ለፊቱ ትንሿ አስማተኛ ባርኔጣዋን ይዛ። ከዚያ በደረቱ ላይ አንድ ቀጭን የብርሃን መስመር ተሰነጠቀ፤ ያ ሃምሳ ዓመት በጭስና በእሳት ብቻ ሲከፈት የኖረ በር፣ እንደ ማለዳ መስኮት ቀስ ብሎ ተከፈተ። ሆሶሚ ኦሳካ ላይ አራት ጊዜ አይታው ነበር፤ በአምስተኛውም ትንፋሿን ያዘች።

«በሩ እንዲህ አይከፈትም» አሉ ሰንሴ።

ሆሶሚ ገመዱን ደግማ አጠበቀች።

«ማጠፊያው በግራ በኩል ነው።»

«በግራ ነው የሠራነው፣ ሰንሴ።»

ጠጋ ብለው አዩ። በግራ ነበር። ሌላ እንከን ሲፈልጉ ፉሚኖ ሻይ በትሪ ይዘው ገቡ። ልክ ያኔ ሶሄይ ብቅ አለ፤ የራስ ቁሩን አወለቀ፣ ፀጉሩን በእጁ አስተኛ፣ በቀጥታ ወደ ክፍሉ እያየ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

ፉሚኖም ከነትሪያቸው ጎንበስ ብለው መለሱለት። ሻዩ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

«ውይ! ይቅርታ፣ እንግዳ ያለ መስሎኝ…» ቀና ብለው ቴሌቪዥኑን አዩ፤ ጉንጫቸው ቀላ።

ሰንሴ ሚስታቸውን ትክ ብለው ተመለከቱ። «ለማን ነው እጅ የነሳሽው?»

«ለሶሄይ ነዋ! እሱ እጅ ሲነሳኝ ዝም ልበለው?»

«ሥዕል እኮ ነው።»

«አንተ ስትሥለው እንዲህ ጨዋ አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲጮህብኝ ነው የኖረው። ዛሬ ገና ሰላም አለኝ።»

ሰንሴ በጉልበታቸው ተደግፈው ተነሱ፣ ወደ ጓዳ ገቡ፣ መሳቢያ ሲጎተት ተሰማ። ሆሶሚ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጠበቀች።

ተመልሰው ተቀመጡ። ማኅተሙን ቀይ ቀለም አስነኩት፣ እንደተጋጨ ሕፃን ግንባር እፍ አሉበት፣ ወረቀቱ ላይ ተጫኑት። ትንሽ ተጣመመ። ሆሶሚ ግንባሯ ምንጣፉን እስኪነካ ጎነበሰች፤ ስትነሳ ግንባሯን የፈሰሰው ሻይ አርሶት ነበር።

«በቃ፣ በቃ» አሉ ሰንሴ እየተነጫነጩ። ከዚያ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ፣ «ፉሚኖ፣ ለልጁም ሻይ ቅጂለት» አሉ።

ፉሚኖ ኩባያ ሊያመጡ ቀድመው ተነስተው ነበር።