የገራባ ትራስ

ፈለቀች ጭሮ ገበያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሃያ ዓመት ጫት ስታስር ወገቧ አለቀ። ድሬዳዋ ያለው ሐኪም ሁለት ጊዜ ቀጥሯት ሁለቴም አልደረሰችም፤ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለው የባቡር ወንበር አላስቀምጥ ብሏት መንገድ ላይ ወርዳለች። ሐኪሙ በስልክ፣ «አሁንም ከቀሩ እግርዎ አይታዘዝዎትም» አላት።

ስለዚህ ትራስ ሰፋች። የሞላችው በገራባ ነበር፤ ከጫት ተርፎ ለፍየል የሚጣለው ቅጠል ሲደርቅ ለመቀመጫ ይመቻል፣ በእጇ ያለውም እሱ ብቻ ነው።

ባቡር ልትሳፈር ሚኤሶ ስትደርስ የጣቢያው ፈታሽ ትራሱን አሸተተ።

«እማማ፣ ጫት እዚህ ባቡር ላይ አይጫንም።»

«ኧረ ልጄ፣ ገራባ ነው! ፍየል እንጂ ሰው አይበላውም።»

«እንግዲያው ትኬቱን ለፍየሏ ይቁረጡላት» ብሎ ስፌቱን ቀዶ አራገፈው።

ባዶውን ጨርቅ አጥፋ ተቀመጠችበት። ባቡሩ ብዙም ሳይሄድ ሕመሙ እስከ ጥርሷ ወጣ። ቀጣዩ ጣቢያ ላይ በሩ ሲከፈት ዓይኗ ወደ መውረጃው ሄደ። አልወረደችም። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ደረቷን ወንበሩ ላይ ጣለች። ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ሴቶች የምትጸልይ መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ፤ አንዷም «አሜን» አለች።

ፈለቀች ግን ከንፈሯን ነክሳ በልቧ አንድ ቃል ብቻ ትደጋግም ነበር፤ «ድሬ፣ ድሬ፣ ድሬ።»