የሰሊጥ ዘይት የጠጣው ፍሬን

ትናንት ሸሕዲ ጋራዥ፣ መካኒኩ ጎማው ሥር ተኝቶ «እማማ፣ ፍሬኑን ረግጠው ይያዙልኝ» ሲለኝ፣ የዐሥር ዓመት ልጅ ሆንሁ።

ጣሊያን ከመተማ የወጣ ሰሞን ነው። አባዬ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ካሚዮን አስነሥቶ፣ ንዳድ የያዘውን ወንድሜን ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሐኪም ቤት ሊያደርስ ተጣድፏል፤ እማዬና እኔም አብረን ተሳፍረናል። ልንሻገረው ወዳለው ወንዝ የሚወርደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ስንደርስ የፍሬኑ ፔዳል እንደ ሊጥ ሰመጠ። አባዬ በእጅ ፍሬን አቆመው። ፔዳሉን ደጋግሞ ሲረግጠው ከፍ አለ።

«አየር ገብቶበታል» አለ። አየር ምን ክፋት እንዳለው አልገባኝም።

እኔን መሪው ላይ አንጠልጥሎ አየሩን ሊያስወጣ ጎማው ሥር ገባ። «ርገጪ! ያዢ!» በሁለት እግሬ ቆምሁበት። ዘይቱ አረፋ እየተፋ ሲወጣ ሽታው እኔም ጋ ደረሰ።

«ይሄ ሰሊጥ ነው» አለ አባዬ።

«ዘይት ጎደለ ሲሉ ሰምቼ ከቅሌ ጨመርሁልዎ» አለች እማዬ። «የዘንድሮ ነው፤ አጥልዬዋለሁ።»

አባዬ አፍጥጦ አያት። የሚንቀጠቀጠውን ወንድሜን አየ። ሌላ ዘይት የለም።

«በይ ጨምሪበት» አለ።

አረፋው ሲያልቅ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር እንደ ድንጋይ ጠጠረ።

«ይልቀቁት እማማ፣ ጨርሻለሁ» ይላል መካኒኩ።

ከኋላ ወንበር ሽበታሙ ወንድሜ ሣቀ። «ተዋት፤ ወንዙን ሳታሻግረኝ አትለቅም።»