እህቴን ላመጣ የሄድኩበት ትልቅ ቤት

ከአቢዴል ሰፈር፣ ካልጋሪ

ዓርብ ከሰዓት ባለቤቴ ሙሉጌታ ኤርፖርት አድርሶኝ፣ “ስትገናኙ ኮል አድርጊልኝ” ብሎ ወደ ሥራ ሺፍቱ ሮጠ። የምሄደው ታላቅ እህቴን ዘነበችን ወደምንኖርባት ካልጋሪ ላመጣ ነው። ዘነበች እንግሊዝ አገር፣ ድሮ የባላባት መኖሪያ በነበረ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ የልጆቹ ሞግዚት ሆና ብዙ ዓመት ሠርታለች። በዚህ ሐምሌ ግን ትምህርት ቤቱ ለሁልጊዜው ሊዘጋ ነው።

ከተለያየን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖናል። አንዴ የእሷ ወረቀት፣ አንዴ የእኔ ልጆች፣ አንዴ ኮቪድ እያልን በስልክ እየተያየን አረጀን።

ወደ ምዕራብ

ቅዳሜ ቀትር ላይ ለንደን ገባሁና ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ባቡር ያዝኩ። ከካልጋሪ ወደ ኮክረን ከተማ ስንነዳ ተራሮቹ እስኪቀርቡ ድረስ ሜዳው ዓይን ያደክማል። እዚህ ሁሉም ነገር ቅርብ ለቅርብ ነው፤ በጉ፣ ወንዙ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ። ከጣቢያው የያዝኩት ታክሲ የገባበት መንገድ ከመኪናው ብዙም አይሰፋም፤ በግራና በቀኝ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የቁጥቋጦ አጥር አለ። ከፊታችን ትራክተር ሲመጣ ሾፌሩ ያለምንም ቅሬታ ወደ ኋላ ተመልሶ አሳለፈው።

“ወደ ትምህርት ቤቱ ነዎት?” አለኝ።

“እህቴ እዚያ ነው የምትሠራው። ዘነበች ትባላለች።”

“ሚስ ዜና!” ብሎ ዞር አለ። “ልጄን ኩፍኝ ሲይዘው ያስታመመችው እሷ ናት።” ሻንጣዬን በር ድረስ ተሸክሞልኝ ሄደ።

ትልቁ ቤት

ቤቱ የማር ቀለም ባለው ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ጭስ ማውጫዎቹ ብዙ ናቸው። እህቴ ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ተቃቅፈን ቆየን። “ከስተሻል” አለችኝ። ጸጉሯ ይህን ያህል መንጣቱን ስልኩ ደብቆኝ ኖሯል።

ሻይ እንኳ ሳታጠጣኝ ቤቱን ልታሳየኝ ወሰደችኝ። መጀመሪያ የሠራው በበግ ጠጉር ንግድ የበለጸገ ሰው ነው። ልጁ የግራውን ክንፍ፣ የልጅ ልጁ ሰፊውን ደረጃ ጨመሩበት። በዓለም ጦርነቱ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ቁስለኞች ተኙበት። ከዚያ በኋላ ጣሪያው ያፈስ ጀመር፤ ቤተሰቡም ማደስ አቅቶት ሸጠው። የገዙት መምህራን የግል ትምህርት ቤት አደረጉት፤ የፈረሶቹ ጋጣ ላቦራቶሪ ሆነ፣ የወይን ጠጁ ምድር ቤት የጭቃ ጫማ ማስቀመጫ።

“ቤቱ እንደተገዛ ጣሪያውን በአዲስ ድንጋይ ስናለብሰው ሁለት ክረምት ፈጀብን” አለችኝ።

“እታለም፣ እሱ እኮ አንቺ ሳትወለጂ ነው!”

ሳቀች። “እዚህ ቤት የኖረ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያወራው።”

ላይኛው ፎቅ ላይ አንሶላቸው የተገፈፈ የልጆች አልጋዎች ተደርድረዋል። በመሃላቸው ስታልፍ እያንዳንዱን በእጇ ትነካለች። “ይሄ ቤተሰቡ ሌጎስ ያለ ልጅ፣ ይሄ ሆንግ ኮንግ ያለ፣ ይሄ እናቱ የሞተችበት” ትለኛለች።

“እናቱ ለናፈቀችው ልጅ ምን ይባላል?” አልኳት።

“ምንም አይባልም። አጠገቡ ቁጭ ማለት ነው።”

ሚሲስ ኤለን

እሑድ ከቁርስ በኋላ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ መጡ። ሚሲስ ኤለን ይባላሉ። ቤቱን የሸጠው ባላባት የመጨረሻ ልጅ ናቸው፤ የተወለዱትም እዚሁ ነው። ቤተሰቡ ለቆ ሲወጣ ትንሽ ልጅ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የኖሩት በመንደሩ መግቢያ ባለች አነስተኛ ቤት ነው። እህቴ የታመሙ ልጆችን የምታስታምምበት ክፍል የእሳቸው የልጅነት ክፍል ነበር። በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ይመጣሉ፤ እህቴም መስኮቱ ስር ወንበር ታዘጋጅላቸዋለች። ያን ቀን ሁለቱ ብዙም ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በሩ ላይ ቆሜ ሳያቸው የገዛ እህቴ ዘንድ እንግዳ መሆኔ ተሰማኝ።

ከሰዓት በኋላ አትክልቱ ውስጥ ቁርጡን ነገርኳት። “ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ። ለስድስት ወር በጉብኝት ነይና ሌላውን እዚያ እናያለን።”

“ትርሲትዬ፣ ልጆችሽን ለማየት እመጣለሁ። ለመኖር ግን አይደለም።”

“ቤቱ እኮ ሊሸጥ ነው! ማን አለኝ ብለሽ?”

“ሚሲስ ኤለን ትርፍ ክፍል አላቸው። ብቻቸውን መሆን ከብዷቸዋል። ልጆቹም አድገው ይመጣሉ፤ በሩን ዝግ ሲያገኙት የሚጠይቁት ሰው ይኑር።”

“እኔስ?” አልኩ። ድምፄ እንደ ሕፃን ሆነ።

እጄን ያዘች። “ከተለየሁሽ ቀን ጀምሮ እንደናፈቅሽኝ ነው። እዚያ ብመጣ ደግሞ ይሄ ይናፍቀኛል። አንዱን መምረጥ ነበረብኝ።”

አለቀስኩ። አልተቆጣችኝም፣ አላባበለችኝም፤ አጠገቤ ተቀመጠች።

ሰኞ የአትክልተኛውን የእጅ ጋሪ ተውሰን ዕቃዋን ወደ ሚሲስ ኤለን ቤት ገፋን። ለካልጋሪ ላሸክፍላት የመጣሁትን ዕቃ በእጄ እዚያ መደርደሪያ ላይ ደረደርኩ። ሚሲስ ኤለን ወተት የበዛበት ሻይ ሰጡን። “አልጋዋን ወደ መስኮቱ ብናዞረው?” አሉኝ። እኔና እሳቸው አዞርነው። ከመስኮቱ የትልቁ ቤት ጭስ ማውጫዎች ከዛፎቹ በላይ ይታያሉ።

መልስ

ሙሉጌታ ኤርፖርት ላይ ሲያየኝ ዓይኑን ወደ ኋላዬ ወረወረ። “ለገና ትመጣለች” አልኩት።

በዚያ ሁሉ ዓመት የምናፍቃት ቤታችንን ትታ የወጣችውን ወጣት ነበር። እሷን የትም ሄጄ አላገኛትም። አሁን የምትናፍቀኝ ባዶ አልጋ እየዳሰሰች የምታልፈው፣ ከእሷ በፊት የሆነውን ሁሉ “እኛ” እያለች የምታወራው ባለ ነጭ ጸጉሯ ሴት ናት። ናፍቆቱ ከበፊቱ ብሶብኛል፤ ግን መሄዴ አልቆጨኝም።

በሳምንቱ ፎረስት ሎን ሰፈር ባለ ሱቅ ውስጥ እትዬ ለተብርሃንን አገኘኋቸው። የአሥመራ ሰው ናቸው፤ የጉዞዬን ምክንያት ያውቃሉ።

“እህትሽስ? መጣችልሽ?” አሉኝ።

“አልመጣችም እትዬ” አልኳቸው። “ቤቷ ናት።”