የዘጠኝ ቁጥር ማሊያ ጉዳይ፦ ከአዳማ መቀሌ

ረቡዕ፣ ከአዳማ እስከ ሎጊያ

ረቡዕ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚሄደው አውቶቡስ አዳማ ላይ አሳፈረኝ። የምሄደው ለጉብኝት አልነበረም። ውሸታም ተብያለሁ፤ ይህን ላስተባብል ነው።

ያሳደግኳት የወንድሜ ልጅ አሪየት መቀሌ ባለ አንድ ኮሌጅ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። የኮሌጁን ስም አልጠራም። እኔም ከሠላሳ ዓመት በፊት እዚያው ተምሬያለሁ፤ እንደ እሷ በሴቶች የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ተጫውቻለሁ። አሪየት ያደገችው አንድ ታሪክ እየሰማች ነው፦ አክስቷ አጁሉ ዘጠኝ ቁጥር ለብሳ በፍጻሜው ጨዋታ ከቡድኑ ነጥብ ከግማሽ በላይ አስቆጠረች፣ ዋንጫውም መጣ። ባለፈው እሑድ ግን ደወለችልኝ። የስፖርት አዳራሹ ታድሶ የድሮ ፎቶግራፎች ኮሪደሩ ላይ ተሰቅለዋል።

«አክስቴ፣ ዘጠኝ ቁጥር የለበሰችው ቀይ ሴት ናት» አለችኝ። «ከሥሯም ‘ኮከብ ተጫዋች ራሔል’ ተብሎ ተጽፏል። አንቺን ፈልጌ አጣሁሽ።»

ቅዳሜ የፍጻሜ ጨዋታ እንዳለባቸው፣ እሷ ግን እንደማትጫወትና ሻንጣዋን አዘጋጅታ ቅዳሜ ማለዳ ወደ ዘመዶቻችን ወደ ጋምቤላ ለመሄድ እንደምትነሳ ነግራኝ ስልኩን ዘጋችው።

እኛ አኙዋኮች ነን፤ ቆዳችን ጥቁር ነው። «ቀይ» የምትባል ልጅ በትምህርት ቤትም ሆነ በሠርግ ቤት እንዴት እንደምትታይ ለዚህ አገር አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ለዳይሬክተሬ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብዬ የአራት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። አዳማ ውስጥ የስፖርት መምህርት ሆኜ ሃያ ስድስት ዓመት ሳስተምር ስለ ዘጠኝ ቁጥር ማሊያ ለማንም ባልደረባዬ ተናግሬ አላውቅም።

መንገዱ በአፋር በኩል ነው። ከአዋሽ በኋላ ሙቀቱ በመስኮቱ ገብቶ ከሰው ጋር ይቀመጣል። አጠገቤ የነበሩት ጨዋ ሽማግሌ ገዋኔ ስንደርስ ሱዳን ውስጥ አሁን ሰላም እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። እንደ እርስዎ በሬዲዮ ነው የምሰማው አልኳቸው። ከቦርሳቸው ብርቱካን አውጥተው ግማሹን ሰጡኝ። ሎጊያ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ፍየል በሩዝ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር በላሁ፤ ሥጋው ጥሩ ነበር፣ ሩዙ ግን ከጠዋት የተረፈ ይመስላል።

ሐሙስ፣ መቀሌ

ከሎጊያ ወደ አፍዴራ ያለው አገር የተቃጠለ ድንጋይ ነው። ጨው የጫኑ ከባድ መኪናዎች ብቻ ከፊት ለፊት ይመጣሉ። አብዓላን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ አየሩ ቀዘቀዘ፤ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። በኲሓ በኩል መቀሌ የገባነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ሓወልቲ አካባቢ አንድ መካከለኛ ሆቴል ገባሁ። እንግዳ ተቀባዩ በእንግሊዝኛ ፓስፖርት ጠየቀኝ። የፋይዳ ካርዴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አየው፣ እኔን አየኝ፣ እንደገና አየው።

«ይቕሬታ አደይ» አለ፤ ይቅርታ እናቴ ማለቱ ነው። «ለውጭ ዜጋ ያለው ዋጋ ሌላ ስለሆነ ነው።»

«ታዲያ በርካሹ መዝግበኝ» አልኩት። ሳቀ፤ ፎጣም ጨመረልኝ።

አሪየትን በአሥራ አንድ ሰዓት ኮሌጁ በር ላይ አገኘኋት። ከእኔ በአንድ ስንዝር ትረዝማለች። ሳመችኝ፣ ግን እንደ እንግዳ ነበር የሳመችኝ። ቀድማኝ ወደ አዳራሹ መራችኝ።

ፎቶግራፉ እንደተባለው ነው። መሀል ላይ ራሔል ኳስ ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ደረቷ ላይ ዘጠኝ ቁጥር አለ። ከኋላ ረድፍ ዳር ላይ አሥራ አራት ቁጥር የለበሰች ረጅም ልጅ አለች፤ ፊቷ ጥላ ብቻ ነው። ዓይንም አፍም የላትም። ያቺ እኔ ነኝ።

ለአሪየት የሆነውን ነገርኳት። ቡድኑ አንድ ሙሉ የማሊያ ስብስብ ብቻ ነበረው። ዋንጫው በመጣ ማግስት ለኮሌጁ መጽሔት ፎቶ ሲነሳ፣ ፎቶ አንሺው ፊልሙ እኔን እንደማያወጣኝ ተናገረ። አሠልጣኛችን ደግሞ መሀል ላይ የምትቀመጠው ዘጠኝ ቁጥር፣ ኮከቧ ናት፤ ራሔል ትቀመጥ፣ ማሊያ ተቀያየሩ አለን። ሰውየው ሞቷል፤ በሞተ ሰው ላይ ብዙ አልናገርም፤ ይህን ያህል ግን እናገራለሁ። መጽሔቱ ሲወጣ ከተማው ሁሉ ራሔልን በዘጠኝ ቁጥር አወቃት። ቀድሞም ስትገባ የሚጨበጨብላት እሷ ነበረች። እኔን የሚጠሩበት ስም ሌላ ነበር፤ እዚህ አልጽፈውም።

«ለምን ያኔ አልተናገርሽም?» አለች አሪየት።

ዲፕሎማዬን የሚፈርመው ያው አሠልጣኝ ነበር። ይህንንም ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ፤ ያመነችኝ ግን አልመሰለኝም።

በዚህ ዓመት የኮሌጁ ልጆች ከጨዋታ በኋላ የተመልካች ኮከብ ይመርጣሉ። አስተዋዋቂው በድምፅ ማጉያ የተጫዋቾቹን ቁጥር ይጠራል፤ የበለጠ የተጨበጨበላት ታሸንፋለች። በግማሽ ፍጻሜው ብዙ ነጥብ ያስቆጠረችው አሪየት ነበረች። ቁጥሯ ሲጠራ ግን የጓደኛዋ እጅ ብቻ ተሰማ። የቅዳሜው ማስታወቂያ ላይም ሦስት ልጆች አሉ፤ እሷ የለችበትም።

«እኔ ይህን ሁሉ የቻልኩት አንቺ ችለሽ አሸንፈሻል ብዬ ነበር» አለችኝ። «አንቺ ዳር ላይ ቆመሽ ከነበረ እኔ ለምን እቆያለሁ?»

እስከ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ድረስ ብቻ እንድትጠብቀኝ ለመንኳት። ምስክር ይዤ እንደምመጣ ነገርኳት። ማን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ዓርብ፣ ሓድነት

ጠዋት ቀዳማይ ወያነ ገበያው ዳር ፉል በዳቦ በልቼ በእግሬ ወጣሁ። ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ ላይ ሰው በትከሻው እየተጋፋ ይሄዳል። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «አደይ፣ ንዒ» ብላ ጠራችኝ፤ ነይ ማለቷ ነው። ከየት እንደመጣሁ ሳትጠይቅ አንድ ኪሎ ልትሸጥልኝ ተከራከረችኝ። በዚያ ጉዞ እንደ ሰው ያስተናገደችኝ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ሽንኩርቱን ገዛሁ፤ ምን እንደማደርግበት ግን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወደ ሓድነት ክፍለ ከተማ በሚኒባስ ሄድኩ። ራሔል የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ እዚሁ አግብታ ቀርታለች። የተማሪ ዩኒፎርም እንደምትሰፋ ከአንዲት የክፍል ጓደኛችን ከሰማሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። አድራሻዋን በጥንቃቄ ነበር የያዝኩት፤ ለደግ ነገር ብዬ አልነበረም።

የልብስ ስፌት ቤቷ ከአንድ የብረት በር መሥሪያ አጠገብ ነው። መነጽሯን አውርዳ አየችኝ። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ቆዳዋም እንደ ማንኛውም ሰው ፀሐይ አጥቁሮታል።

«አጁሉ» አለች። አልጠየቀችም፤ አወቀችኝ።

ወንበር ሰጠችኝ፤ ውሃ አመጣች። የሻይ ግብዣዋን አልተቀበልኩም። የመጣሁበትን በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገርኳት፦ ልጄ ውሸታም ብላኛለች፤ ነገ ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ነይ፤ እውነቱን ንገሪያት።

ራሔል የስፌት መኪናውን መዘውር በእጇ ያዘች። ጦርነቱ ሲመጣ ቤቷ እንደተዘረፈ፣ የሠርግ ፎቶዎቿ እንኳ እንዳልተረፉ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ከመጽሔቱ ግን አንድ ቅጂ ለልጇ ለሳባ ተገኝቶላት ነበር። ልብስ በጠፋበት፣ ስልክ በተዘጋበት ጊዜ ልጅቷ ያንን ገጽ ግድግዳ ላይ ለጥፋ እናቴ ኮከብ ነበረች ስትል ነው ያሳለፈችው።

«ልጄ እኔን የምታውቀኝ በዚያ ፎቶ ነው» አለችኝ። «አሁን ምን ልበላት?»

«እኔንስ ልጄ በምን ታውቀኝ?»

«ማሊያውን እኔ ጠየቅኩሽ እንዴ አጁሉ? አውልቂ ያለሽ አሠልጣኙ ነው።»

«አልጠየቅሽም» አልኳት። «ግን ለብሰሽው ቀረሽ።»

አንድ ደንበኛ የልጁን ሱሪ ሊወስድ ገባ፤ እሷም ተነሥታ ልትሰጠው ሄደች። እኔም ወጣሁ። ስሄድ ሽንኩርቱን ወንበሩ ሥር ረስቼዋለሁ፤ አልተመለስኩለትም።

ቅዳሜ፣ አዳራሹ

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሜ ነበር። አሪየት የስፖርት ልብሷን ለብሳለች፤ ሻንጣዋ ግን በር አጠገብ ነው። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ሰዓቷን አየች፤ ለስምንት አሥር ጉዳይ ሲሆን ሻንጣዋን አነሣች። ትቆያለሽ ብዬ እጇን አልያዝኩም። በጉልበት የሚያዝ ሰው እንደማይቆይ አውቃለሁ።

ራሔል በዚያ መሀል መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከኋላዋ ሃያ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጇን ሳባን አስከትላ። ሰላም አላለችኝም። ቀጥ ብላ ወደ ፎቶግራፉ ሄደች፤ ጣቷንም ዳር ላይ ባለችው ፊት አልባ ልጅ ላይ አሳረፈች።

«ዘጠኝ ቁጥር ይቺ ናት» አለች። «እኔ የለበስኩት ለፎቶ ነው። ኳሱን ቅርጫት ውስጥ የጨመረችው እሷ፣ የተጨበጨበልኝ እኔ ነኝ።»

ሳባ እናቷን አየቻት። «ማማ፣ ይህን መቼ ልትነግሪኝ ነበር?»

«እንጃ ልጄ። ዛሬ ተገድጄ ነው የመጣሁት።»

ማንም አላለቀሰም፤ የሰማሁትን ነው የምጽፈው። አሪየት ሦስታችንንም በየተራ ተመለከተች። ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ጎንበስ አለችና የጫማዋን ማሰሪያ አጠበቀች። ከዚያ ራሔልን አንድ ነገር ጠየቀቻት።

«ስትጫወቱ ኳስ ታቀብያት ነበር?»

«እወ» አለች ራሔል። «ከእሷ ሌላ ለማንም አላቀብልም ነበር። ሁሉም እኔን ያያል፤ ሦስት ተጫዋች ይከበኛል፤ እሷ ደግሞ ከቅርጫቱ ሥር ብቻዋን ናት። ዋንጫውን እንዲህ ነው ያመጣነው።»

እውነት ነው። ለአሪየት ታሪኩን መቶ ጊዜ ስነግራት ኳሱን ማን እንደሚያቀብለኝ አንድ ቀን አልነገርኳትም። አሪየት ዞራ አየችኝ። አዎ ብዬ አንገቴን ነቀነቅኩ።

አሪየት ገባች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ ከየክልሉ የመጡ ተማሪዎች በየቋንቋቸው ይጮሃሉ። አሪየት የመጀመሪያውን ነጥብ ስታስቆጥር ከኋላዬ አንድ ተማሪ ጥርት ባለ የከተማ አማርኛ «መብራት አብሩላት፣ አትታይም» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። ዞርኩ።

«ኳሷ ትታይሃለች?» አልኩት።

«ትታየኛለች እማማ።»

«እንግዲያው እሷን ተከተል። ልጅቷን ታገኛታለህ።»

በሁለተኛው አጋማሽ ይኸው ተማሪ ጎረቤቱን «ኳሷ ወዴት ሄደች?» እያለ ሲያሾፍ፣ ጎረቤቱ በየጊዜው «ጥቁሯ ጋ» ሲል ሰማሁ። ስድስት ቁጥር የለበሰችው ማስታወቂያው ላይ ካሉት ከሦስቱ አንዷ፣ ቆንጆዋ ልጅ ናት፤ ተከላካዮች ሁሉ እሷን ሲከቡ አሪየት እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። ልጅቷ መጀመሪያ አላየቻትም። አሪየት አጠገቧ ሄዳ በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገረቻት፤ ከዚያ ኳሱ ይመጣላት ጀመር። በአራት ነጥብ ልዩነት አሸነፉ።

የተመልካች ኮከብ ስድስት ቁጥር ሆነች። ጭብጨባው ጣሪያውን ነካ። የአሪየት ቁጥር ሲጠራ ራሔል ተነሥታ ቆመች፤ ሳባ ተነሣች፤ ከኋላዬ ያለው ተማሪም አጨበጨበ። ያጨበጨበው እጅ የሚቆጠር ነበር፤ ግን አንድ ብቻ አልነበረም። እኔ አላጨበጨብኩም፤ ቦርሳዬን ይዤ የሚያጨበጭቡትን እቆጥር ነበር።

አሪየት ወደ ጋምቤላ አልሄደችም። ራሔል ፎቶግራፉ ሥር ያለው ጽሑፍ እንዲታረም የሚጠይቅ ደብዳቤ በእጇ ጽፋ ፈረመች፤ ሰኞ ራሷ ኮሌጁ ቢሮ ልታስገባው ይዛው ሄደች። ይቅር ብዬሻለሁ አላልኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም። በሩ ላይ ግን እጅ ለእጅ ተጨባበጥን፤ የጣቷ ጫፍ በመርፌ የተበሳሳ ነው።

አዳማ

እሑድ ማለዳ ከመቀሌ ተነሥቼ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አዳማ ገባሁ። ማክሰኞ ራሔል ቢሮው የተቀበለበት ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ላከችልኝ፤ ሌላ ምንም አልጻፈችም። ጽሑፉ እስኪታረም እኔም ለኮሌጁ በየወሩ እጽፋለሁ። ይህን የማደርግ ሰው መሆኔን ኮሌጁ ገና አላወቀም።

የዚያኑ ዕለት ወደ ሥራ ስገባ የትምህርት ቤታችን የስፖርት ሰሌዳ ፊት ቆምኩ። ሰሌዳውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ ፎቶ ስናነሣ ማን መሀል ላይ እንደሚቀመጥ የምወስነውም እኔ ነኝ። ከዓመት ዓመት አየኋቸው። መሀል ላይ ያሉት ፀጉራቸው የተሠራ፣ ፊታቸው የሚያበራ፣ ለወላጆች ቀን የሚያምሩ ልጆች ናቸው። አንደኛው ላይ ዳር ቆማ አንገቷን ያቀረቀረች ልጅ አለች። በዚያ ዓመት እንደ እሷ ኳስ የሚወረውር አልነበረም። ወደ ዳር ጠጋ በይ ያልኳት ራሴ ነኝ፤ ለምን እንዳልኳት አሁን ለማንም አላስረዳም።

ስሟን ላስታውስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። የእኔን ስም ግን እሷ አትረሳውም። ጽሕፈት ቤት ገብቼ የዚያን ጊዜ የስም መጥሪያ መዝገቦች አስወጣሁ። በየክፍሉ አንድ መዝገብ ነው፤ የዚያን ዓመት ዘጠኝ ክፍሎች ስሟን ፍለጋ አንድ በአንድ እያየሁ ነው። እስካሁን ሦስቱን ጨርሻለሁ።