ሽጉጥ ያስኮረፈው ሚዜ

በ2020 ካዚኖዎቹ ሲዘጉ እኔም ሚዜዬም ከሥራ ወጣን። ሚዜዬ የምለው ያኔ ሊሆነኝ ቃል የገባልኝን ጓደኛዬን ነው፤ አንድ ካዚኖ ውስጥ ካርታ እናድል ነበር። ካዚኖዎቹ ተመልሰው ሲከፈቱም ሁለታችንን የጠራን የለም። ስለዚህ በየቤታችን ተቀምጠን በኢንተርኔት የተኩስ ጌም ስንጫወት እንውላለን። እሱ የሚይዘው ጠመንጃ ብቻ ነው። በሕይወቱ ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም፤ ግን ስለ ጥይት ፍጥነትና ክብደት ቪዲዮ ሲያይ ከርሞ የጦር መምህር ሆኖብን ነበር።

አንድ ከሰዓት ጠመንጃውን ጥይት ሲያጎርስ ዘልዬ ገባሁና በሽጉጥ ገደልኩት። ሽጉጥ በዚያ ጌም ሲጀመር በነፃ የሚታደል መናኛ ነገር ነው። ሠሪዎቹ የሚነካው ሰው ሲያጡ ነው መሰለኝ፣ በዚያ ሰሞን ጉልበት ጨምረውለታል።

«ይሄ ሪያሊስቲክ አይደለም» አለኝ በማዳመጫው። «ጥይት መከላከያ ለብሻለሁ እኮ። ሽጉጥ ከዚያ ርቀት አይጥለኝም። ጌሙ ባላንስ የለውም።»

«ሞተሃል፣ አርፈህ ተኛ» አልኩት።

ዘጋብኝ። ስደውል አያነሳም። በማግስቱ ሌላ ሚዜ ፈልግ ብሎ በእጮኛዬ በኩል ላከብኝ። ሠርጌ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ቪዛ የሚሰጥ ስለጠፋ ከአገር ቤት ዘመድ አይመጣልኝም፤ በእኔ በኩል የሚቆመው ሰው እሱ ብቻ ነው። ጨነቀኝ፣ ደግሞም አናደደኝ።

«ሰው በገንዘብ ይጣላል፣ በርስት ይጣላል» አለች እጮኛዬ። «እናንተ በካርቱን ሽጉጥ ተጣላችሁ? በል ሽማግሌ ላክበት።»

ላክሁበት። ቅዳሜ ጠዋት ሲልቬራዶ ራንች በሚባለው ሰፈራችን አንድ ሱፐርማርኬት ፓርኪንግ ውስጥ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተጣጣፊ ወንበር ዘርግተን፣ ማስክ አድርገን፣ ተራርቀን ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡት ጋሼ ነበሩ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው ለሚዜዬ ዕድል ሰጡት።

«ጋሼ፣ እኔ ራይፍል ይዣለሁ። ሪሎድ ሳደርግ በሽጉጥ ገደለኝ። በሪል ላይፍ እንዲህ አይሆንም።»

«ገደለህ?»

«አዎ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተነሳሁ። አሥር ሰከንድ ነው የሚያስጠብቀው።»

ጋሼ ከወንበራቸው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ሌላኛው ሽማግሌ ማስካቸው ውስጥ ሳል ያዛቸው።

«እና ልጄ፣ ከሞት መነሳቱን አምነህ ተቀብለህ፣ የሽጉጡ ነገር ነው እውነት አይመስልም ያልከው?»

ሳቄ አመለጠኝ። ወደ እኔ ዞሩ። «አንተን ምን ያስቅሃል? ሚዜህን ገድለህ ነው ሠርግ የምትደግሰው?»

ሚዜዬ አንገቱን ደፍቶ፣ «እርስዎ አያውቁም ጋሼ» አለ። «ሥራ የለኝም። የምችለው ነገር እሱ ብቻ ነበር የቀረኝ።» እዚህ ላይ ማዘን ይገባኝ ነበር፤ አላዘንኩም። ሥራ እኔም አልነበረኝም፤ ቢሆንም በአሻንጉሊት ጥይት ሰው አላስቀየምኩም። ጉልበት መሳም በኮሮና ስለቀረ በክርን ተነካክተን ታረቅን።

የሠርጌ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ከጎኔ ቆመ። ካባዬን ያስተካከለልኝ፣ ላቤን የጠረገልኝ እሱ ነው። ብቻዬን አለመሆኔ ታወቀኝና እንባዬ መጣ። ቄሱ ሲያነቡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ይቅርታ ሊለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ትናንት አፕዴት አደረጉት» አለኝ። «ሽጉጡን አዳክመውታል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ብዬ በሆዴ ሰደብኩት። ግን ዝም ብዬ መቆም አልቻልኩም። ሙሽራዬ እንዳትሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «አሁን በስንት ጥይት ይገድላል?» አልኩት።

ሰምታለች።