በቬስትኤንድ ዞሬ ወደ ሪድበርግ

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ከሰፈሬ ከሆኽስት ተነሳሁ። ጉዞዬ ሪድበርግ ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ ነው፤ ሦስት ሰዓት ላይ ለአውስቢልዱንግ፣ ለሦስት ዓመቱ የነርስነት ስልጠና፣ ቃለ መጠይቅ ነበረኝ። እሱን ካገኘሁ የኤርፖርት ጽዳቱን እሰናበታለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ አብራኝ ለምትኖረው ለሰብለ እንኳ። ያላለቀ ነገር ማውራት አልወድም፣ የሰው ዓይን እፈራለሁ።

ስልኬ ሁለት መንገድ ሰጠኝ። አንደኛው በኤስ-ባን ባቡር እስከ ሀውፕትቫኸ ጣቢያ፣ ከዚያ በኡ-8 ባቡር በቀጥታ ሪድበርግ። ሁለተኛው ዋናው ጣቢያ ወርዶ በ16 ቁጥር ትራም እስከ ጊንሃይም፣ ከዚያ በኡ-9። ይሄኛው መቀያየር በዛበት። ደግሞ ከመኪና ጋር የሚጋፋ ትራም አላምንም። የመጀመሪያውን ያዝኩና ቆሜ ብሬትዘል ዳቦዬን፣ ጨዉን እያራገፍኩ፣ በላሁ።

ሁለት ሰዓት ከአስር፣ ሀውፕትቫኸ

የኡ-8ን ምልክት ስፈልግ ከኋላዬ «አልማዝ!» ተባለ። ጋሼ ታደሰ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው፤ አርባ ዓመት እዚህ አገር የኖሩ ጡረተኛ። ክው አልኩ። የእህታቸው ልጅ ሄለንም አውስቢልዱንግ ትፈልጋለች ሲባል ሰምቻለሁ።

«በጠዋቱ ወዴት ነው ልጄ?»

«ቬስትኤንድ፣ ሐኪም ጋ።»

«በይ ነይ ላድርስሽ።»

«ኧረ አይቸገሩ ጋሼ!»

«ምን ችግር አለው፣ ጡረተኛ አይደለሁ?»

ወይ የኛ ሰው ሽኝት! ክንዴን ይዘው ወደ ኡ-6 አወረዱኝ። ባቡሩ በር ላይ ይሰናበቱኛል ስል አብረውኝ ገቡ።

ሁለት ሰዓት ከሃያ፣ ቬስትኤንድ

«ሐኪሙ የት መንገድ ላይ ነው?» አሉኝ ገና ስንወርድ። መውጫ ሳጣ መዋሸቴን ነግሬ የቃለ መጠይቁን ደብዳቤ አሳየኋቸው።

«አንቺ ልጅ! እዚያው ብትነግሪኝ እኮ አሁን ኡ-8 ውስጥ ነበርሽ።»

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ከዚያ በስልካቸው ፎቶ አነሱት። ደሜ ፈላ። ለሄለን ነው እንጂ ሌላ ለማን ይሆናል?

«ወደኋላ እንዳትመለሺ» አሉ። «አሁን ተመልሶ ኡ-8ን መጠበቅ አያስተማምንም። አንድ ፌርማታ ወደፊት፣ ቦክንሃይመር ቫርተ፤ ከዚያ 16 ቁጥር፣ ጊንሃይም ላይ ኡ-9። ሦስት ሰዓት ከአምስት ትደርሻለሽ።»

ስልኬ ግን ወደ ሀውፕትቫኸ ተመለሺና ሳይረፍድ ትደርሻለሽ ይላል። ሆን ብለው ሊያዞሩኝ ነው አልኩ በሆዴ። «እሺ ጋሼ» ብዬ ተሰናበትኳቸው፤ ደረጃውን ወጥተው እስኪጠፉ ጠብቄ በመልሱ ባቡር ዘልዬ ገባሁ።

ኡ-8ን አገኘሁት። ዶርንቡሽ ስንደርስ ግን ቆመ፤ ተሳፋሪ ታሞ አምቡላንስ እየተጠበቀ ነበር። ትራሙን ያዘገያሉ ያልኳቸው መኪኖች በመስኮቱ አጠገብ እየተከታተሉ ሲያልፉ ሃያ አምስት ደቂቃ ተቀምጬ አየኋቸው።

ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት፣ ሪድበርግ

ነጫጭ አዳዲስ ሕንፃዎች፣ ከሩቅ የታውኑስ ተራራ፣ ፊት የሚገርፍ ንፋስ። እየሮጥኩ ገባሁ። ኃላፊዋ በሩ ላይ አገኘችኝ።

«አባትዎ ደውለው ነበር» አለችኝ። «መንገድ ተሳስታ ነው፣ ሦስት ሰዓት ከአምስት ትደርሳለች ብለው ቃል ገቡልን። እስከ ሦስት ሰዓት ከሩብ ጠበቅንዎት። አሁን ሌላ ሰው ገብቷል።»

አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጋሼ ናቸው፤ ፎቶው ደብዳቤው ላይ ላለው ስልክ ቁጥር ኖሯል! አፍሬ መሬት መሬት አየሁ።

«ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ይምጡ» አለች። «ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ቀጠሮ የለንም።»

መልስ

ስመለስ በእሳቸው መንገድ ሄድኩ። እስከ ቦክንሃይመር ቫርተ በሰዓቴ ያዝኩት፤ ሠላሳ አምስት ደቂቃ። ብሰማቸው ኖሮ በተናገሩት ሰዓት እደርስ ነበር። ቤት ገብቼ መጀመሪያ ለሰብለ ሁሉንም አወራሁላት፣ ከዚያ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ባሉኝ መንገድ አልሄድኩም፤ አርፍጄ ለሐሙስ ተቀጠርኩ። ደብዳቤውን ለሄለን ያነሱት መስሎኝ ነው።»

«ሄለን?» ብለው ሳቁ። «ሄለን እኮ ማይንስ ከተማ ስልጠናውን ከጀመረች ስድስት ወሯ ነው።» ሳቃቸው ቶሎ አለቀ። «ሐሙስስ በየት በኩል ነው የምትሄጂው?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ስዋሽበት ነው የኖርኩት።

«በ16 ቁጥር። ሁለት ሰዓት ላይ ዋናው ጣቢያ፣ ትራም ፌርማታው ጋ እሆናለሁ።»

«እንግዲያው እዚያ እጠብቅሻለሁ።»

ኧረ አይቸገሩ ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት።