ሦስተኛው ክፍል እስኪመጣ

ጎረቤቴ ጺሙን ያሳደገው ከሐዘን የተነሳ ነው ብለው የሚያወሩ አሉ። ውሸት ነው! ሚስቱ በሞተች ሰሞን እኔው ራሴ ነኝ የላጨሁት። ጺሙ ያደገው በፊልም ምክንያት ነው፤ የማያውቅ ሰው ዝም ቢል ምን አለበት?

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሱቄ ከታች ነው፣ ቤቴ ከላይ፤ ከኔ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራው ደግሞ እሱ ነው። ሥራው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪሞቹ የሰውን አፍ ልክ በጄሶ ይልኩለታል፣ እሱ ጓዳው ውስጥ ተቀምጦ በሰም ይቀርጻል፣ ይሞርዳል፣ ያለሰልሳል። መደርደሪያው ላይ የተደረደረው አፍ ብቻ ነው። ያ ሁሉ አፍ ባለበት ክፍል ውስጥ አንድ ቃል ሳይወጣ ይመሻል። ታዲያ ሰፈሩ ጥርስ ሠሪው አይለውም፤ «ካፒቴን» ነው የሚለው።

ካፒቴን የተባለበት ነገር እንዲህ ነው። ወጣት ሳለን ባለ ሦስት ክፍል የጠፈር ፊልም ነበር። እኔ እንደሆንኩ ብረት ሲንኳኳ ከመስማት በቀር ያተረፍኩት ነገር የለም። እሱና ሚስቱ ግን የተዋወቁት ለዚያ ፊልም በተሰለፉበት ሰልፍ ላይ ነው። ታሪኩ ባጭሩ፣ አንድ ካፒቴን አለ፤ መንኮራኩሯ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲተርፍ አንዲት መካኒክ የጠፈር ጣቢያው ላይ ትቀርና በሩን በእጇ ይዛ ታሳልፋቸዋለች። መንኮራኩሯ ትሄዳለች፣ ካፒቴኑ ሊወስዳት አይመለስም፣ አለቀ። ለዚህች ነው እንግዲህ ስንቱ ጎረምሳ ያለቀሰው፤ ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው እሱ ስለሆነ ካፒቴን ተብሎ ቀረ።

ከስንት ዘመን በኋላ አዳዲስ ሰዎች ተነሡና ያንኑ ታሪክ በአዳዲስ ተዋንያን ከሀ ጀምረው ሊሠሩት ነው ተባለ። ባልና ሚስት ሠርግ የተጠሩ መሰሉ። የመጀመሪያውን አዩ፤ ሁለተኛውንም አዩ። ከሁለተኛው የተመለሱ ዕለት ክርክር ተጀመረ፤ ግድግዳው ስስ ነውና እኔም ሳልፈልግ ሰማሁ።

«አይመለስም!» ይላል እሱ። «የድሮውን አላየሽም እንዴ? ጥሏት ነው የሚሄደው።»

«ታዲያ እንደገና የጀመሩት ለምን ሆነና? ያንኑ ሊያሳዩን?» ትላለች እሷ። «ይመለሳል። ምን አለች በለኝ!»

እነሱ ቤት ደግሞ ሕግ አለ። በፊልም ተከራክሮ የተሸነፈ ሰው ሰሃን ያጥባል። የተበላበትን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለውን፣ ለእንግዳ ተብሎ የተቀመጠውን ሳይቀር አውርዶ ነው የሚያጥበው። አሸናፊው ወንበር ስቦ አጠገቡ ይቀመጥና ይቆጣጠራል። አብዛኛውን ጊዜ የምትቀመጠው እሷ ነበረች።

«ይቺ አልጸዳችም፤ ድገማት!» ስትል እኔ ቤት ድረስ ይሰማል።

«ኧረ ጸድታለች!»

«ድገማት አልኩህ!»

ከዚያ ይሳሳቃሉ። እኔ ደግሞ ወንደላጤው፣ ሲሳሳቁ ግድግዳውን በቡጢ እደበድበው ነበር። እንቅልፍ ከለከላችሁኝ እላቸዋለሁ እንጂ ቅናት ነው፤ ምን ይደረግ።

ሦስተኛው ክፍል ዘንድሮ ይወጣል ተባለ፤ ቀረ። ለከርሞ ነው ተባለ፤ እሱም ቀረ። አንዴ ተዋናዩ ታመመ፣ አንዴ ደራሲው ተጣላ፣ አንዴ እንደገና ይቀረጽ ተባለ። እነዚህ ፊልም ሠሪዎች የሰው ዕድሜ በእጃቸው ያለ ይመስላቸዋል መሰለኝ። በመሃል እሷ ታመመች። የሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና፣ እኔ ባለሁበት ነው የነገረችው።

«እኔ ካልደረስኩ አንተ ሄደህ እየው። ከሰው አፍ እንዳትሰማ። ከተሸነፍክ ደግሞ እንዳታጭበረብር፤ አውቅሃለሁ።»

«አብረን ነው የምናየው» አላት። አልሆነም።

ከዚያ ወዲያ ግድግዳው ጸጥ አለ። ሹካ ሰሃን ሲነካ ይሰማል፣ ውሃ ትንሽ ይፈስሳል፣ በቃ። አንድ ሰው የበላበትን ለማጠብ ስንት ውሃ ይፈጃል? እኔም ግድግዳ የምደበድብበት ምክንያት አጣሁ፤ ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ ደስ አላለኝም።

የፊልሙ ቀን የተቆረጠ ጊዜ ሱቄ መጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«ደህና አድርገህ ላጨኝ» አለኝ። «ከዛሬ በኋላ ፊልሙን እስካይ ድረስ እዚህ አልመጣም። ሌላ አገር ቀድሞ ነው የሚወጣው፣ እኛ ጋ ቆይቶ ነው የሚደርሰው። ያንተ ሱቅ ደግሞ ወሬ የሚፈላበት ነው።»

«ጺምህስ?»

«ይደግ።»

እኔ ላጽናናው ብዬ፣ «አይዞህ፣ አንተ ነህ የምታሸንፈው፤ የድሮውም እንደዚያው ነው ያለቀው» አልኩት። ምላጩን የያዘውን እጄን አፈፍ አድርጎ ያዘኝ። አንገቱ ላይ እኮ ነው!

«ላሸንፍ አልፈልግም» አለ። «ብቻውን የሮጠ ማን ይቀድመዋል? እሷ ትክክል እንድትሆን ነው የምፈልገው። ከሷ የቀረኝ ይሄ ክርክር ብቻ ነው። አይመለስም ብሎ ካለቀ እሷም በዚያው አለቀች ማለት ነው።»

በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን ማየት አቃተኝ። ሳሙናውን ጠራረግኩለትና «ይመለሳል ባክህ» አልኩት፤ ስለ ፊልም አንዳች የማላውቀው ሰውዬ።

ፊልሙ ሌላ አገር የወጣ ዕለት ካፒቴን ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወተፈ። የሥራው ጥጥ ነው፣ እንደ ልብ አለው። ስልኩን ዘጋ፣ ሬዲዮኑን ዘጋ፣ ሐኪሞቹ የሚልኩትን ጄሶ በመስኮት ተቀብሎ መስኮቱን ይዘጋል። መንገድ ላይ «እንዴት ዋልክ?» ስንለው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያልፋል። አንድ ቀን ሾርባ ይዤለት ሄጄ በሩን ባንኳኳ፣ «ስለ ፊልሙ ነው?» አለኝ ከውስጥ።

«ሾርባ ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ጥጡን አልፎ እንዲሰማው።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ደጃፉ ላይ አስቀምጠው።»

እንዲህ ያለ ኑሮ! የሚያናግረው ሰው ያጣ ሰው በገዛ እጁ በር ሲዘጋ አንጀቴን በላው። ሞኝነቱ ያናድደኛል፣ ወዲያው ደግሞ ያሳዝነኛል።

አንድ ቀን አንዱ ታክሲ ነጂ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ግማሽ ፊቱን ላጭቼለት ነበር። መጨረሻውን በስልኩ አይቶት ኖሮ ሊናገር ሊናገር ይቁነጠነጣል። ካፒቴን ዳቦ ይዞ በደጃፍ ሲያልፍ፣ ጥጡን የወተፈበትን ጆሮ እያየ፣ «ጋሼ ካፒቴን!» ብሎ ጮኸ። «ና ልንገርህ! ካፒቴኑ መጨረሻ ላይ...»

የሳሙናውን ብሩሽ አፉ ውስጥ ሰካሁለት። አዎ፣ ከነአረፋው! ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ካመለጠ ማን ይመልሰዋል? ከዚያ ፎጣውን ከአንገቱ ገፍፌ ግማሽ ጺሙን እንዳንጠለጠለ አስወጣሁት።

«ጋሼ፣ ኧረ አንድ ጉንጬ!» ይለኛል ደጃፍ ላይ ቆሞ።

«መጨረሻውን ታውቀው የለ፣ ራስህ ጨርሰው!» አልኩትና በሩን ዘጋሁበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቄ ውስጥ ስለዚያ ፊልም ትንፍሽ ያለ ሰው አይላጭም ተባለ። ግማሹ ደንበኛ ሸሸኝ። ጸጥታ የሚወድ ሰው ምን ሊሆን ፀጉር ቤት ይመጣል? እኔም መጨረሻውን ሳልሰማ ቀረሁ።

ፊልሙ እኛ ጋ ሊገባ ሲል በሩን ደበደብኩና ገባሁ። «አብሬህ ልሂድ?» አልኩት።

«ሁለት ቲኬት ቆርጫለሁ።»

«በቃ፣ እንግዲያው...»

«አንዱ የእሷ ነው» አለኝ።

ተቀየምኩት። ለምን እዋሻለሁ፣ ክፉኛ ነው የተቀየምኩት። ባዶ ወንበር ከኔ በልጦ! ስንት ዓመት ግድግዳ ተጋርተን፣ ስለሱ ብዬ ከደንበኛ ተጣልቼ! ቤቴ ገብቼ ግድግዳውን አንዴ በቡጢ አልኩት፤ ከወዲያ በኩል ማንም አልሳቀም።

የፊልሙ ቀን ከሰዓት በኋላ በሱቄ ደጃፍ አለፈ። ኮት ለብሷል፣ ጺሙ ደረቱ ላይ ደርሷል፣ ጥጡ አሁንም ጆሮው ውስጥ ነው። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነሥቶ በመስኮቱ አየው። ታክሲ ነጂው እንኳ፣ ታርቀን መጥቶ ነበርና፣ አንገቱን ደፋ። አንድም ሰው አልተነፈሰም። እኔ የሰው ጆሮ ልቆርጥ ምንም አልቀረኝ፤ መቀሱን አስቀምጬ እሱ እስኪመለስ ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ሲመሻሽ መጣ። ጥጡን አውጥቶታል። ፊቱን ላነብ ብሞክር ጺም ብቻ ነው የማየው። «እህስ?» አልኩት። አጠገቤ አልፎ ደረጃውን ወጣ። በቃ፣ ጉዱ ፈላ፣ አሸነፈ አልኩ በሆዴ። ያቺን መካኒክ ጥሎ መሄዱ እኔን ምን አገባኝ?

ግን ሱቄን ዘግቼ ቤቴ ገባሁና ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ምንም የለም። ቆየት ብሎ የቁም ሳጥን በር ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ ውሃ። ሰሃን ሰሃን ሲነካ ሰማሁ። ትንሽ ፈስሶ ይቆማል ብዬ ጠበቅኩ፤ ውሃው አልቆመም። ሌላ ሰሃን። ሌላ። ሌላ።

«ተሸንፏል!» ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። ካፒቴኑ ተመልሶላታል! እየሮጥኩ ሄድኩ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

እጅጌውን ሰብስቦ እስከ ክርኑ አረፋ ውስጥ ገብቷል። የእንግዳውን ሰሃን ሳይቀር ሁሉንም አውርዶታል። እንባው በጺሙ ላይ እየወረደ ነው፤ አልጠረገውም። አጠገቡ ያ ወንበር ተስቦ ባዶውን ቆሟል። እኔ በሩ ጋ ተገትሬ ቀረሁ። ሲኒማ ቤት የተከለከልኩትን ወንበር እዚህ እንዴት እጠጋዋለሁ?

ዘወር ብሎ አየኝ።

«ምን ትገተራለህ? ቁጭ በላ» አለኝ። «ማን ይቆጣጠረኛል?»

ተቀመጥኩ። ከታጠበው ላይ አንዱን አነሣሁና ወደ መብራቱ ያዝኩት። ፊቴ እስኪታየኝ ድረስ ጸድቷል።

«ይቺ አልጸዳችም» አልኩት፤ «ድገማት።»

«ኧረ ጸድታለች» አለ።

«ድገማት አልኩህ!»

ተቀበለኝና ደገማት።